«ሲጋራ ያጨሳሉ?»፦ የአንዲት የድሬዳዋ እንጀራ ጋጋሪ የሳንባ ሕመም

እማማ ታኅሣሥ 19 ቀንን ከቁልቢ ገብርኤል ርቀው ያሳለፉበትን ዓመት አያስታውሱም። በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ ተነሥተው፣ ስንቃቸውን አዝለው፣ ከመንገደኛው ጋር እየዘመሩ የደንገጎን ዳገት በእግራቸው ይወጡ ነበር። ኋላ ላይ ጉዞው በመኪና ሆነ። በ2015 ዓ.ም ግን ከመኪናው ወርደው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለችውን አጭር መንገድ መጨረስ አቃታቸው። ሦስት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ፤ በአራተኛው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ልጃቸው ልታነሣቸው ስትጎነበስ «ተይኝ፣ እዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ» አሏት።

እኔ ዘንድ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በጥር ወር ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። ጉዳያቸውን እንድጽፍ እሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። በሥራ ቦታ እንደምጠራቸው እዚህም እማማ እላቸዋለሁ።

ያን ቀን ይዘውት የመጡት ፌስታል የስምንት ዓመት ታሪክ ነበረው፤ ራጆች፣ የአክታ ምርመራ ወረቀቶች፣ ጫፋቸው የተበላ የመድኃኒት ማዘዣዎች። ወረቀቶቹን በዓመታቸው ደረደርኳቸው። በ2007 ዓ.ም ሳል ሲበረታባቸው አክታቸው ሦስት ጊዜ ታይቶ የቲቢ ተሐዋሲ አልተገኘም፤ ነገር ግን ራጁ ላይ ጠባሳ የሚመስል ነገር ስላለ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላቸው። በ2011 ዓ.ም በተመሳሳይ ሁኔታ ተደገመ። ከዚያ «አስም» ተባለ። አሚኖፊሊን ኪኒን ታዘዘ፤ የሳልቡታሞል ኪኒን ታዘዘ፤ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር አንቲባዮቲክ ተጨመረ። ከእኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ብቻ አምስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። በየመካከሉ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል፦ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ የጤና አዳም ሻይ። ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ መትቷቸው ነው» ይል ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ፣ በዚያ ሙቀት።

በፌስታሉ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች በሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት ሐረግ አነበብኩ፦ «ሲጋራ አታጨስም»። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ሥራቸው የተጻፈ የለም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጠየቅኋቸው ይህንኑ ነበር። «ሲጋራ ያጨሳሉ እማማ?» «ኧረ ምን ቆርጦኝ ልጄ! አጫሹስ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነበር።» ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ያረፉት በሌላ ሕመም ነው። ቀጥዬ የደም ግፊት ልለካ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ስሰበስብ ከክርናቸው በታች ጎን ለጎን የተደረደሩ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳዎች አየሁ። ምጣድ ጠርዝ ላይ ዘወትር የሚጎነበስ ሰው ክንድ ነው። ነጠላቸው ደግሞ ታጥቦም ጭስ ጭስ ይል ነበር።

በ20 ዓመታቸው ግድም ለሽያጭ መጋገር ጀመሩ። ድሬዳዋ ላይ ቀን እሳት ዳር መቀመጥ አይቻልምና ሥራው በሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው ምጣዱን ያሰማሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻው እንጀራ ከአክንባሎው ሥር ይወጣል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ማለት ነው፤ ለ36 ዓመታት። ማድቤቷ ዙሪያዋን በቆርቆሮ የተዘጋች፣ መስኮት የሌላት፣ በሯም ነፋስ እሳቱን እንዳያጠፋ የምትዘጋ ነበረች። ማገዶው ፍልጥ፣ ጭራሮ፣ ሲጠፋም ኩበት። የጭስ ተጋላጭነትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በቀን ያሉትን ሰዓታት በዓመታት አባዝተው «ሰዓት-ዓመት» የሚል መለኪያ ያወጣሉ። የእማማ 216 ይመጣል፤ በልጅነታቸው እናታቸው ጉልቻ ዳር ያሳለፉትን ሳንቆጥር። እ.ኤ.አ. በ1996 ከሜክሲኮ ሲቲ የወጣ ጥናት ሥር የሰደደ የሳንባ ቧንቧ ሕመም ከማገዶ ጭስ ጋር ያለውን ዝምድና በዚሁ መለኪያ አሳይቶ፣ ከ200 ሰዓት-ዓመት በላይ ያሳለፉ ሴቶች ላይ አደጋው እጅግ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። እማማ ያንን ወሰን አልፈውታል።

ምርመራው

ክብደታቸው 46 ኪሎ፣ ቁመታቸው 154 ሴንቲ ሜትር። ተቀምጠው ያረፉበት የደም ኦክስጅን 91 በመቶ፤ በመተላለፊያው ላይ ስናራምዳቸው ወደ 86 ወረደ። በስድስት ደቂቃ የተራመዱት 245 ሜትር ነው። አክታቸው በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘበትም። የኤችአይቪ ውጤታቸው ነጻ ነው። ራጁ ላይ ሳንባቸው ከልክ በላይ በአየር ተወጥሯል፤ በላይኛው ክፍል ያለው ጠባሳ ከ2007ቱ ራጅ ጋር ጎን ለጎን ስናየው አልተለወጠም።

ወሳኙ ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ነው፤ ያን ጊዜ ያገኘሁላቸው ሐረር ነበር። ምርመራው ቀላል ይመስላል፤ ሳንባን እስከ ጥግ ሞልቶ፣ በሙሉ ኃይል፣ እስኪያልቅ ድረስ ማስወጣት። ብዙ ታማሚ ግን መሐል ላይ ያቋርጠዋል። ባለሙያዋ ሁለት ጊዜ ሞክራ አልሆን ሲላት «እማማ፣ እርጥብ ማገዶ እምቢ ሲልዎ እሳቱን እንዴት ነው እፍ የሚሉት? እንደዚያ ያድርጉት፤ እስኪያያዝ ግን አይተዉት» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ የነፉት ሦስቱም ትክክል ነበር። ለ36 ዓመታት የጎዳቸው ሥራ ለምርመራው አሠለጠናቸው።

ውጤቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ያስወጡት አየር 0.88 ሊትር። ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል 400 ማይክሮግራም ስበው 15 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ 0.94 ሊትር፤ በቁመታቸውና በዕድሜያቸው ይጠበቅ ከነበረው 47 በመቶ። በጠቅላላው ያስወጡት 1.81 ሊትር። ሁለቱ ቁጥሮች ሲካፈሉ 0.52 ይሆናል። ከመድኃኒት በኋላ ይህ ክፍልፋይ ከ0.70 በታች ሲሆንና የጉዳቱ ታሪክ ሲስማማ ሕመሙ ሲኦፒዲ ይባላል፤ የመተንፈሻ ቧንቧዎች ጠበው የሚቀሩበትና በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ የማይከፈቱበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። አስም ቢሆን ኖሮ ከ60 ሚሊ ሊትር የበለጠ ለውጥ እንጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ ከፌስታሉ ውስጥ አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶ ነበር። የ2007ቱ ወረቀት «በቲቢ መድኃኒት ተሽሏታል» ይላል፤ ለሁለተኛው ሕክምና ማስረጃ የሆነውም ይኸው መሻል ነው። እውነትም ተሽሏቸው ነበር። ልጃቸውን ስጠይቅ ነገሩ ተገለጠ፦ በዚያ ጊዜ ቲቢው ወደ ሕፃናት እንዳይተላለፍ ተብሎ እማማ ለሁለት ወር ከማድቤት ወጥተው እህታቸው ቤት ተቀምጠው ነበር። ያሻላቸው መድኃኒቱ ይሁን ከጭሱ መራቃቸው ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም። እኔ ግን ከጭሱ መራቃቸው ነው ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ ወደ ምጣዱ በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ ሳሉ ተመልሷልና።

በሩ ላይ መቅረት

የሕመሙ ስም ከታወቀ በኋላ ሕክምናው መመሪያ አለው፤ መመሪያው ደግሞ ከጥናት ነው የሚቀዳው። አንድ ምሽት የእማማን ፋይል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ በየቀኑ መድኃኒት ስናዝዝ የምንደገፍባቸውን ትልልቅ ጥናቶች የመግቢያ መስፈርት አወጣሁ። «እማማ ያኔ እዚያ ቢሄዱ ይቀበሏቸው ነበር?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበረኝ።

ቶርች የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሲሆን በ42 አገሮች 6,112 ታማሚዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። አፕሊፍት በ2008 ታትሟል፤ 5,993 ታማሚዎች፣ አራት ዓመት። ኢምፓክት በ2018፤ 10,355 ታማሚዎች። ሦስቱም በሩ ላይ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ ቢያንስ 10 የፓኬት ዓመት አጭሰዋል? በቀን አንድ ፓኬት፣ ማለትም 20 ሲጋራ፣ ለአንድ ዓመት ያጨሰ ሰው አንድ የፓኬት ዓመት ይቆጠርለታል። የእማማ ዜሮ ነው። ሦስቱም በሮች ይዘጋሉ። ባለቤታቸው በዚህ ሕመም ታመው ቢሆን ኖሮ በሩ ይከፈትላቸው ነበር፤ 216 ሰዓት-ዓመት ጭስ የሳቡት ሚስታቸው ግን ደጅ ይቀራሉ።

ተመራማሪዎቹን አልከስም። የማያጨስ ሰው ሲገባ አስምም አብሮ ሊገባ ይችላል፤ መድኃኒቱ በየትኛው ሕመም ላይ እንደሠራ መለየት ይከብዳል። ጥናት ሲነደፍ ተመሳሳይ ሰዎችን መምረጥ መልሱን የጠራ ያደርገዋል። ችግሩ የጠራው መልስ ያለ ማብራሪያ ወደ ሁሉም ሰው ሲሻገር ነው። እዚያው ባደጉት አገሮች እንኳ ነገሩ የታወቀ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኒውዚላንድ ዌሊንግተን የወጣ ሥራ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያሉትን የሲኦፒዲ ታማሚዎች ከታላላቅ ጥናቶች መስፈርት ጋር ሲያነጻጽር ለአንድ ጥናት ብቁ የሚሆኑት በመካከለኛ ግምት 5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ዌሊንግተን ላይ 5 በመቶ ከሆነ የድሬዳዋን ማድቤቶች ማሰብ ነው።

ያላጨሱት ታማሚዎች ጥቂት ናቸው እንዳይባል፣ ቦልድ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ቆጠራ በ14 አገሮች ባደረገው ልኬት መካከለኛና ከባድ ሲኦፒዲ ካለባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ ፈጽሞ አጭሰው የማያውቁ መሆናቸውን አሳይቷል። ወደ እኛ ስንቀርብ ደግሞ በኡጋንዳ ማሲንዲ ወረዳ 588 ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ከ30 በላይ የሆኑ፣ በስፓይሮሜትሪ ተለክተው 16.2 በመቶዎቹ ላይ ሕመሙ ተገኝቷል፤ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ለማገዶ ጭስ የተጋለጡ ነበሩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ነው። ጎልድ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን የማገዶ ጭስ የሚያመጣውን ሲኦፒዲ ራሱን በቻለ ስም የመደበው እ.ኤ.አ. በ2023 ሪፖርቱ ነው፤ ከእሱ ጎን በኢንፌክሽን ምክንያት የሚመጣውን፣ ቲቢ የሚተወውን ጠባሳ ጨምሮ፣ ለብቻው መድቧል። እማማ በሁለቱም ሊመደቡ ይችላሉ።

ሳንባውም አንድ ዓይነት አይደለም። ጭስ የጎዳው ሳንባ ላይ የአየር ከረጢቶቹ መፍረስ ቀለል ይላል፣ የቧንቧዎቹ መጥበብና መጠንከር ይበረታል። በሜክሲኮ ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች በጭስ የታመሙ ሴቶች በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ከሚያስወጡት አየር በዓመት የሚያጡት 23 ሚሊ ሊትር፣ በሲጋራ የታመሙት 42 ሚሊ ሊትር እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ ለእማማ የምሥራች ነው፤ በእርግጥ እሳቱ ዳር ካልተመለሱ።

እንግዲህ ምን እንስጣቸው

መጀመሪያ ያቆምነው አሚኖፊሊኑን ነው። ልባቸውን ያስመታል፣ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ቲዮፊሊንን በአነስተኛ መጠን የሞከረው የብሪታንያው ትዊክስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 በ1,567 ታማሚዎች ላይ ውጤቱን ሲያወጣ የሕመሙ መነሣት በዓመት በአማካይ በመድኃኒቱ ቡድን 2.24፣ መድኃኒት በሌለበት ባዶ ኪኒን ቡድን 2.23 ጊዜ ነበር። ትዊክስም የሚቀበለው አጫሾችን ነበር። አጫሹ ላይ ካልጠቀመ እማማ ላይ የሚጠቅምበት ምክንያት አልታየኝም፤ ጉዳቱ ግን ዓይኔ ፊት አለ። ለማቆም የሚያስፈልገው ማስረጃ ለመጀመር ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ አስቸጋሪ ነበር። የሚሳብ ስቴሮይድ እንጨምር? የዛሬው መመሪያ ኢዮሲኖፊል የተባለውን የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር ይመለከታል፤ ከ300 በላይ ከሆነ ስቴሮይዱ ይጠቅማል፣ ከ100 በታች ከሆነ አይመከርም። የእማማ 640 መጣ። መመሪያውን ገልጦ ለሚያነብ ሰው መልሱ ያለቀ ይመስላል። ግን እኛ አገር ኢዮሲኖፊል ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሆድ ነው። ሰገራቸው ሲመረመር የወስፋት እንቁላል ተገኘ። አልበንዳዞል ሰጠናቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ 180 ሆነ። የ300 ወሰን የተወሰደባቸው ሰዎች በአብዛኛው ወስፋት የሌለባቸው ናቸው። ያንን ቁጥር ዝም ብሎ መገልበጥ እማማን የማያስፈልጋቸው መድኃኒት ላይ ባስቀመጣቸው ነበር፤ ጉዳት የሌለውም መድኃኒት አይደለም። በቶርች ጥናት ውስጥ ስቴሮይድ ያለበትን ጥምር መድኃኒት ከሳቡት 19.6 በመቶ፣ ባዶውን ከሳቡት 12.3 በመቶ በሦስት ዓመት ውስጥ የሳንባ ምች ተመዝግቦባቸዋል። ሳንባቸው ጠባሳ ላለበት፣ ሁለት ጊዜ የቲቢ ሕክምና ለወሰዱ እናት ይህ ከባድ ልዩነት ነው። ስቴሮይዱን ተውነው።

የመረጥነው ቧንቧ የሚከፍተውን ነው። ለረጅም ሰዓት የሚሠራው የሚሳብ መድኃኒት ሲገኝ እሱን፣ ሲጠፋ ሳልቡታሞልን። የጠፋባቸው ወራት ነበሩ፤ ልጃቸው አንዴ ከአዲስ አበባ በዘመድ አስመጣች። አሳሳቡም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እማማ ጣሳውን ሲጫኑና ትንፋሽ ሲስቡ አይገጥምላቸውም፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ባዶ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ወስደን ቂጡን በመድኃኒቱ አፍ ልክ በጋለ ብረት በሳነው፤ በአንድ ወገን መድኃኒቱ ይረጫል፣ በሌላው እማማ ቀስ ብለው ይስባሉ። ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም። ኬፕ ታውን ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ሞክረው፣ የ500 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በውድ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አሳይተዋል። ያ ጥናት በአፍሪካ ምድር፣ በእጃችን ባለ ዕቃ የተሠራ ነውና ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

ሕመሙ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን 40 ሚሊ ግራም፣ ለአምስት ቀን ብቻ። በፊት ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለወር ይታዘዝላቸው ነበር። ሪዲዩስ የተባለው የስዊዘርላንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 በ314 ታማሚዎች ላይ አምስት ቀንና አሥራ አራት ቀን እኩል መሆናቸውን አሳይቷል። ይህም የአጫሾች ጥናት ነው፤ ስቴሮይድ ማሳጠር ግን ቲቢ በበዛበት አገር ተጨማሪ ምክንያት ስላለው ያለ ማመንታት ተቀበልኩት።

የእቁቡ ገንዘብ

ልጃቸው በመጋቢት እቁብ ሊወጣላት ተራዋ ደርሶ ነበር። የኦክስጅን ማሽን ልትገዛ አስባለች፤ ዋጋውንም አጠያይቃለች። «ዶክተር፣ ልግዛላቸው? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ገንዘብ እጄ አይገባም» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ ፊት «እንደፈለግሽ» ማለት አይቻልም።

ኦክስጅን ዕድሜ እንደሚያራዝም ያሳየው የብሪታንያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ነው። ሰዎቹ 87 ብቻ ነበሩ፤ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ከወሰዱት 42 ሰዎች 19 ሲሞቱ ካልወሰዱት 45 ውስጥ 30 ሞተዋል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች አርፈው ተቀምጠውም ኦክስጅናቸው እጅግ የወረደ ነበር። እንደ እማማ መካከለኛ ጉድለት ያለባቸውን፣ ወይም በርምጃ ጊዜ የሚወርድባቸውን የመረመረው ሎት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ738 ታማሚዎች። ሞትንም ሆስፒታል መግባትንም አልቀነሰም።

አንድ ነገር ግን አመነታሁበት። ሐረር ለስፓይሮሜትሪ በሄዱበት ቀን የእማማ ኦክስጅን 88 ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ 91። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ናቸው። ያው ሴት፣ ያው ሳንባ፣ በአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ልዩነት ኦክስጅን በሚታዘዝበት መስፈርት ወዲህና ወዲያ ትወድቃለች። የወሰንኩት የሚኖሩበትን ከተማ ይዤ ነው። ከዚያም መብራት የሚጠፋበት፣ ከሰል የሚነድበት ቤት ውስጥ ኦክስጅን ማስገባት የእሳት አደጋም አለው። «አትግዢ» አልኳት። «በእቁቡ ማድቤቱን ቀይሪው።»

ይህን ስናገር ያላየሁት ነገር ነበር። እማማ ከምጣዱ ሲነሡ የተቀመጠችበት እሷ ናት። ሆቴሉ እንጀራውን ይፈልጋል፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት የምትነሣው ልጅየዋ ሆናለች፤ ትንሿ ልጇ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ናት። እናትየዋን ከጭሱ ሳወጣ ልጅና የልጅ ልጅ አስገብቻለሁ። ይህን ያወቅሁት አንድ ቀን ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ነው፤ ሄጄ ባላይ ኖሮ ፋይሉ ላይ «ከጭስ ርቃለች» ብዬ ጽፌ አልፌ ነበር።

ገንዘቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አዲስ የመብራት መስመርና ከፍ ያለ ጣሪያ ሆነ። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ክንድ የሚያህል ክፍተት ተተወ። መብራት ሲጠፋ ወይም ትእዛዝ ሲበዛ ግን እሳቱ ይነዳል፤ ስለዚህ ለማገዶው ጭስ የሚቀንስ የተሻሻለ ምድጃ ጨመሩ። ለልጅየዋ የማላውቀውን ተስፋ አልሰጠኋትም። በሜክሲኮ ሚቾአካን 552 ሴቶች የተሻሻለ ምድጃ ጥናት ውስጥ ሲገቡ፣ ምድጃው ከተሰጣቸው መካከል አዘውትረው የተጠቀሙበት 30 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ በአንድ ዓመት ያጡት አየር 31 ሚሊ ሊትር፣ በክፍት እሳት የቀጠሉት 62። በጓቲማላ 504 ሴቶች ላይ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የደረት ሲር ሲር ማለትን ቀንሷል፤ የሳንባ አቅምን ግን አልጨመረም። በማላዊ 10,750 ሕፃናትን ያቀፈው ጥናት የተሻሻለው ምድጃ የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2017 አስታወቀ። ከእነዚህ የተረዳሁት፣ ጭሱ በግማሽ ሲቀንስ ጥቅሙም በግማሽ እንደማይመጣ ነው። ለዚህ ነው የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ አጥብቄ የጸናሁት።

እማማ ራሳቸው ደግሞ መራመድ ጀመሩ። ልምምድ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ጥቅም ከማንኛውም ኪኒን በተሻለ የተረጋገጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የኮክራን ግምገማ 65 ጥናቶችን አሰባስቧል። የሚሠራበት አዳራሽ ስለሌለን ከዚራ የተባለውን የድሬዳዋ ሰፈር መረጥን። ፀሐይ ሳትበረታ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ከአንድ ዛፍ ወደ ቀጣዩ፤ ቆም፣ እንደገና። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ዛፍ ነበር የሚቆጥሩት። በሁለተኛው ወር ቁጥሩን ትተው በደቂቃ ይነግሩኝ ጀመር።

ከሁለት ዓመት በኋላ

በጥር 2017 ዓ.ም እንደገና ነፉ። 0.91 ሊትር። ቁጥሩ አላደገም፤ እንዲያድግም አልጠበቅሁም። የስድስት ደቂቃው ርምጃ ከ245 ወደ 305 ሜትር ከፍ ብሏል። ድንገተኛ ክፍል የገቡት በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛው አንድ ጊዜ ነው። ክብደታቸው 50 ኪሎ ሆኗል። ከተደረገው ሁሉ የትኛው እንደሠራ ከአንዲት ሴት ፋይል ማወቅ አይቻልም፤ መድኃኒቱ፣ ርምጃው፣ ማድቤቱ፣ ወይም የማይጠቅሙ መድኃኒቶች መቆማቸው። ለዚህ ነበር እሳቸውን የመሰሉ ሴቶች የሚገቡበት ጥናት የሚያስፈልገው፤ መግቢያው ላይ ከፓኬት ዓመት ጎን ሰዓት-ዓመት የሚጠይቅ።

በዚያው ቀን ልጅየዋ «እኔስ ብነፋ?» አለች። 33 ዓመቷ ነው፤ ምጣድ የጨበጠችው በ14 ዓመቷ ነው። ባለሙያዋ እንደ እናቷ ማስተማር አላስፈለጋትም። ክፍልፋዩ 0.73 ወጣ። ከ0.70 በላይ ነውና ማሽኑ ያተመው ወረቀት «ጤናማ» ይላል። ነገር ግን 0.70 ለሁሉም ዕድሜ የተቆረጠ አንድ ቁጥር ነው፤ ለአረጋዊ ይጠብቃል፣ ለወጣት ይላላል። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከዚህ ከፍ ማለት ነበረባት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጤናማ» የሚለውን ሰርዤ «ክትትል» ብዬ ጻፍኩበት። እኔ ዘርግቼ ባየኋቸው ጥናቶች በሮች ላይ እሷም አታልፍም፤ አላጨሰችም፣ 40 ዓመትም አልሞላትም።

መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶች ምጣዱ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኔው» አለች። «ሕፃኗን ግን እማማ ዘንድ አስተኛታለሁ።» ለመስከረም ቀጥሬያታለሁ፤ ያኔ እናትና ልጅ አብረው ይነፋሉ።